በእንተ እጅ ማውጣት

የሰው እጅ ስለ ምን ተፈጠረ ብለው የጠየቁ ሊቃውንት፥ ከፊሎቹ ለሥራ፥ ከፊሎቹ ለምጽዋት፥ ከፊሎቹም ለጸሎት ነው እያሉ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ነገር ግን የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች ሒሳብ በሚማሩበት ሰዓት ወደ አንድ የአራተኛ ክፍል መስኮት ጠጋ ብሎ የተመለከተ ማንም ሰው፥ እጅ በመጀመሪያ የተፈጠረው ለመውጣት እንደ ሆነ፥ ሥራውም ምጽዋቱም ጸሎቱም በኋላ የተጨመሩ ትርፍ አገልግሎቶች እንደ ሆኑ ያለ ብዙ ድካም ይገነዘባል።

ይህን የሚያህል ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ጸሐፊ አጥቶ መቅረቱ የሚያስደንቅ ነው። ስለ ቅኔ መንገድ፥ ስለ ዜማ ምልክት፥ ስለ ባሕረ ሐሳብ ቁጥር ብዙ ብራና ተፍቋል፥ ብዙ ቀለም ተበጥብጧል፤ በየማለዳው በየትምህርት ቤቱ ወደ ጣሪያ ስለሚነሣው የጣት ሠራዊት ግን ይህ ነው የሚባል ድርሰት የለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እጅ የሚያወጣው ልጅ ለመጻፍ ጊዜ የለውም፥ ለመጻፍ ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ እጅ ማውጣት ትቷል። እኛ ግን የፊተኞቹን ሁሉ እጅ ከኋላ ሆኖ ለመመልከት በሚያመቸው በመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነገሩን ስንመረምር ስለ አደግን፥ የተገለጠልንን ያህል በሥርዓት ከፋፍለን ለማቅረብ ደፈርን። ዓይነቱም ሰባት ነው።

ምዕራፍ አንድ፤ ስለ ጥንቱ

በየኔታ ቤት እጅ ማውጣት የሚባል ነገር አልነበረም። ልጆቹ ሁሉ ባንድነት፥ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ትምህርት፥ አንዱ ፊደል፥ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ፥ አንዱ ዳዊት፥ ባለ በሌለ ድምፁ ይጮኻል፤ የኔታም ዓይናቸውን ጨፍነው፥ አሁንስ አንቀላፍተዋል ሲባሉ፥ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የሳተውን ለይተው በስሙ ጠርተው ያርሙታል። እንዲህ ባለው ጉባኤ ሁሉም ሁልጊዜ ስለሚናገር፥ ተናገር ተብሎ የሚመረጥ የለም። ሥራ ፈት ጣትም የለም፤ የቀኝ እጅ አመልካች ጣት ሰንበሌጥ ይዞ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ያሉትን 231 ፊደላት አንድ ባንድ እየነካ ሲወርድ ይውላልና።

እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና እርሱን ተከትለው የተነሡት ሁሉ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይዘው በመጡ ጊዜ፥ ፊደሉ ከልጁ ጭን ተነሥቶ ግድግዳ ላይ ወጣ፤ ሰንበሌጡም አድጎ ዱላ ሆነና ወደ መምህሩ እጅ ተላለፈ። የልጁ አመልካች ጣት ርስቱን ከተነጠቀ በኋላ፥ መዋያ አጥቶ በአፍንጫ አካባቢ ጥቂት ሲንከራተት ቆይቶ፥ በመጨረሻ ወደ ላይ ተነሣ። የእጅ ማውጣት ጥንቱ ይህ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያለው ሰው እጁን አውጥቶ ይናገር።

ከዚያ ወዲህ ያለው የቁጥር ነገር ነው። ለአንድ ክፍል የተወሰነው የተማሪ ልክ 50 ነው፥ አንዱ ክፍለ ጊዜ ደግሞ 40 ደቂቃ ነው። ስም ለመጥራት፥ ሰሌዳ ለማጥፋት፥ ዳስተሩን ማን ወሰደው ለመባባል፥ «ደብተራችሁን አውጡ፤ የአማርኛውን ማን አለ፥ የሒሳቡን!» ለማለት የሚባክነውን ቀንሳችሁ የቀረውን ለ50 ብታካፍሉት፥ ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላለትም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ስድስት ዓመት የነበረውን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስምንት ሲያደርገው፥ መምህራንም ተማሪውን ማዕከል አድርጋችሁ አስተምሩ ሲባሉ፥ እነሆ በእኛ ዘመን ደግሞ ስምንቱ ተመልሶ ስድስት ሲሆን፥ ይህች የማካፈል ሒሳብ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ስለዚህ ማዕከል የተባለው ልጅ ማዕከልነቱን በጣቱ ለማስከበር ይገደዳል።

ምዕራፍ ሁለት፤ ስለ አካሉ

የወጣ እጅ ሦስት አካላት አሉት፤ እነርሱም ጣት፥ ክርንና መቀመጫ ናቸው።

ጣት ይጮኻል። አመልካቹ በላላ አንጓ ከመካከለኛው ጋር እየተጋጨ ጧ ጧ ሲል፥ አንደበት «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» እያለ ይከተለዋል። የፊተኛው ዴስክ ልጅ ይህን ጣት ወደ መምህሩ መነጽር እያስጠጋ ሲያመጣው፥ መምህሩ ለዓይኑ ፈርቶ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ በመጨረሻም ከሰሌዳው ጋር ይጣበቃል፤ የሒሳብ መምህራን ጥቁር ኮት ከኋላው ማካፈል ተጽፎበት የሚገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

ክርን በሌላው እጅ ይደገፋል፤ ምርጫው የሚዘገይበት ጊዜ አለና።

መቀመጫ ግን ከሦስቱ ይልቅ እውነተኛው ነው። ጥያቄው ቀላል ሲሆን መቀመጫ ከዴስኩ ይነሣል፤ እጅግ ሲቀል ልጁ ጨርሶ ይቆማል፥ ከዚያም አልፎ ዴስኩ ላይ ሊወጣ ይቃጣዋል፤ ጥያቄው ሲከብድ ግን፥ ጣቱ የቱን ያህል ቢጮኽ፥ መቀመጫው ከእንጨቱ ጋር እንደ ተዋሐደ ይቀራል። ጣትና አንደበት ይዋሻሉ፤ መቀመጫ ዋሽቶ አያውቅም። አስተዋይ መምህር ማን እንደሚያውቅ ለመለየት ቢፈልግ ከወገብ በላይ ያለውን ትቶ ከወገብ በታች ያለውን ይመልከት።

ምዕራፍ ሦስት፤ ስለ ዓይነቱ

አንደኛው፥ የሚያውቅ እጅ ነው። ስለዚህ እጅ ብዙ የምንለው የለም፤ ይወጣል፥ ይጠራል፥ ይመልሳል፥ «አጨብጭቡለት» ይባልለታል፥ ይቀመጣል። ለምርምር የሚሆን ነገር የለውም።

ሁለተኛው፥ ሐሰተኛ እጅ ነው። ይህ እጅ የተመሠረተው መምህር ያላወጣውን ይጠይቃል በሚለው ጥንታዊ ሕግ ላይ ነው። ምንም የማያውቀው ልጅ እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ «እስቲ አንተ፥ ዝም ያልከው» መባሉ የማይቀር ስለ ሆነ፥ ከሚያውቀው ልጅ ይልቅ አብዝቶ ጣቱን ያጮኻል፥ ልመናውንም እንባ ሊተናነቀው እስኪደርስ ያጸናዋል፤ መምህሩም ይህን ትጋት አይቶ፥ ይህስ ያውቃል ብሎ ወደ ሌላው ያልፋል። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረውም። ልጁ ስለ ትምህርቱ ያለው እውቀት ጎደሎ ቢሆንም ስለ መምህሩ ያለው እውቀት ምሉእ ነው፤ መምህሩ በየትኛው ቀን እንደሚቆጣ፥ ከየትኛው ረድፍ መጠየቅ እንደሚጀምር፥ መነጽሩን ሲያወልቅ ማየት የሚችለው እስከ ስንተኛው ዴስክ እንደ ሆነ፥ ይህን ሁሉ ያለ ደብተር አጥንቶ ይዞታል። በዚህ ትምህርት ፈተና ቢኖር ከክፍሉ ሁለተኛ የሚወጣ ልጅ ባልተገኘ ነበር።

ታዲያ አንዳንድ ቀን መምህሩም አራተኛ ክፍል ተምሮ ያለፈ ሰው መሆኑ ትዝ ይለውና ሐሰተኛውን እጅ ይጠራዋል። ያን ጊዜ ልጁ ቀስ ብሎ ይነሣል፥ ጣሪያውን ይመለከታል፥ ጎረቤቱ ሹክ እስኪለው ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ ሹክታው ካልተሰማው «ቲቸር፥ ይዤው ነበር ረሳሁት» ይላል፤ ከእርሱ በፊት የተጠየቀ ካለ ግን «የኔንም እሱ መለሰው» ብሎ በክብር ይቀመጣል። ይህች መልስ ማፍረሻ አልተገኘላትም።

ሦስተኛው፥ ግማሽ እጅ ነው፤ ይኸውም እስከ ጆሮ ድረስ ወጥቶ፥ መምህሩ ቀና ያለ እንደ ሆነ ራስ ወደ ማከክ የሚለወጠው ነው። የክፍል ፎረፎር የሚበዛው በጥያቄ ሰዓት ነው።

አራተኛው፥ ከሳሽ እጅ ነው። «ቲቸር ላጲሴን ወሰደብኝ»፥ «ቲቸር ገልብጣ ነው»፥ «ቲቸር መስመር አለፈ» እያለ ይወጣል። ይህ መስመር ለሦስት ልጆች በተሰጠው ዴስክ ላይ በእርሳስ፥ ነገሩ ሲከር ደግሞ በመቅረጫ ምላጭ የተቀነበበ ወሰን ነው፤ መካከል የተቀመጠው ልጅ በግራም በቀኝም ድንበርተኛ ስላለበት ዓመቱን በሙሉ በክርክር ላይ ነው። የቀረውን የርስት ሕግ አዋቂዎች ይመርምሩት።

አምስተኛው፥ የልውጣ እጅ ነው። ይህ ዝርዝር ሐተታ ስለሚያስፈልገው በብዙ ክፍል እንናገርለታለን።

አንደኛ ክፍል፤ ስለ ትርጓሜው። «ቲቸር ልውጣ» ያለ ስለ ምን ነው ቢሉ፤ ሽንቱ መጥቶበት ነው። አንድም፤ ሽንቱስ አልመጣም፥ የሰባት ብዜት እየዞረ ከፊቱ ካለው ዴስክ ደርሶበት ነው። አንድም፤ ሌላው ክፍል ስፖርት ወጥቶ ኳስ ሲጫወት በመስኮት አይቶ ነው። አንድም፤ ከጎረቤት ክፍል ጓደኛው ጋር በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በውሃው ቧንቧ ዘንድ እንገናኝ ብለው ቃል ኪዳን ነበራቸውና ነው። አንድም፤ ምንም ምክንያት ሳይኖረው፥ ቅድም የወጣው ሲፈቀድለት ስላየ ነው፤ ይህ ትርጓሜ ከሁሉ ይበልጥ ይስማማል።

ሁለተኛ ክፍል፤ ስለ ጊዜው። የተማሪ ፊኛ ከሰው ፊኛ ተለይቶ የክፍለ ጊዜ ድልድል ማንበብ ይችላል። በስፖርት አይመጣም፤ በስዕል አይመጣም፤ ደውል፥ ማለት ከዛፉ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ፥ ለእረፍት ተደውሎ ልጁ ሜዳ በሚውልበት ሰዓት ትዝም አይለው። ክፍል ተገብቶ፥ በሩ ተዘግቶ፥ «የቤት ሥራ ያልሠራ ይነሣ» በተባለባት ቅጽበት ግን ከሦስት ረድፍ ባንድ ጊዜ ይመጣል። መምህሩም «እረፍት ላይ ምን ስትሠራ ነበር?» ይላል፤ ልጁም «ያኔ አልመጣም ነበር» ይላል። ይህ ጥያቄና መልስ ከማለዳ ሰላምታ ባልተለየ አኳኋን በየቀኑ ይደጋገማል፤ ከሁለቱም ወገን አዲስ ነገር የሚጠብቅ የለም።

ሦስተኛ ክፍል፤ ስለ መውጣቱ ሕግ። ሕጉ «አንድ በአንድ» የሚል ሲሆን፥ ለሁለተኛው ጠያቂ የሚሰጠው ፍርድ «እሱ ሲመለስ» ነው። እንግዲህ የወጣው ልጅ የብዙዎችን አርነት በኪሱ ይዞ ስለሚሄድ መመለስን ይዘነጋዋል። መንገዱ ይህ ነው፤ አስቀድሞ በሌሎቹ ክፍሎች መስኮት እያለፈ ለሚያውቃቸው ሁሉ ምላሱን ያወጣል፤ ከዚያ ርእሰ መምህሩ እንዳያገኙት በቢሮአቸው ጀርባ ይዞራል፤ በሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ አጠገብ ቆሞ ገመዱን ይፈትሻል፤ ወደ ቧንቧው ሄዶ ይጠጣል፥ ራሱን ያረጥባል፥ የውሃውን አፍ በአውራ ጣቱ ይዞ ወደ አበባው ይረጫል። ወደ ሽንት ቤቱ ሊደርስም ላይደርስም ይችላል። ሲመለስ ግን እጁን አርጥቦ ይገባል፤ ይህም ማስረጃ ይሆነዋል።

አራተኛ ክፍል፤ ስለ ልጥራው። የወጣው በዘገየ ጊዜ፥ ከጠባቂዎቹ መካከል አእምሮው የሰላው ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፥ እሱ ቆየ፤ ሄጄ ልጥራው?» ይላል። ይህን ቃል በመጀመሪያ የተናገረው ልጅ ስሙ ሳይጻፍለት መቅረቱ ያሳዝናል። ለራሱ የለመነው ነገር የለም፤ ስለ ሥርዓት ተቆርቁሮ፥ የክፍሉ ጉባኤ እንዳይጎድል አስቦ ነው የጠየቀው፤ እንዲህ ያለውን ልጅ አይሆንም ለማለት የሚጨክን መምህር ጥቂት ነው። ስለዚህ ይፈቀድለታል፤ ያን ጊዜ ውጭ ያሉት ሁለት ይሆናሉ። ሁለቱ በቧንቧው ዘንድ ሲገናኙ የሚነጋገሩት ብዙ ነገር አላቸው። ሦስተኛው «ሁለቱንም ልጥራቸው?» ብሎ ሲነሣ መምህሩ የሕጉ አጥር በየት በኩል እንደ ተሰበረ ይገባውና በሩን ራሱ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣ ፊኛ ሁሉ ደውል እስኪደወል ይታገሣል፤ በእውነትም ይታገሣል፤ ይህም የመጀመሪያውን ትርጓሜ እጅግ ያዳክመዋል።

አምስተኛ ክፍል፤ ስለ እውነተኛው። እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለማይቸገረው ልጅ ነው። በእውነት የቸገረው ልጅ ጣት አያጮኽም፤ «ቲቸር እኔ» አይልም። እጁን ሳይሆን ሁለት ጣቱን ብቻ ከደብተሩ ጠርዝ ብቅ ያደርጋል፥ እግሩን ያነባብራል፥ ዝም ብሎ የመምህሩን ፊት ይከተላል፤ መምህሩም ሰባት ልውጣ ሰምቶ ስምንተኛውን የማይሰማበት ሰዓት ላይ ስለ ደረሰ አያየውም። በአንድ ክፍል ውስጥ፥ ከኋላ ዴስክ ሆነን እንዳየነው፥ እንዲህ ያለ ልጅ ነገሩ ካቅሙ በላይ ሆነበት። ከአጠገቡ የተቀመጠው ልጅ፥ ማለት በዚያው ሳምንት ስለ ዴስኩ መስመር ከሶት፥ መስመሩንም በምላጭ ጠልቆ ያስከበረው ያ ድንበርተኛ፥ ጎንበስ ብሎ ወደ መሬት አየ፤ ቀና ብሎ ወደ ሰሌዳው አየ፤ ከዚያም ሃይላንዱን ከፍቶ፥ ውሃውን የጎረቤቱ ጭን ላይና መሬቱ ላይ ደፋው፤ «ውይ ቲቸር፥ አምልጦኝ ነው» አለ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ ኩርኩም ግን ራሱን ከምክር ወገን ይቆጥራል። ውሃ የደፋው ልጅ ሁለት ምክር ተቀብሎ፥ የደፋውን በመወልወያ እንዲያደርቅ ታዘዘ፤ የረጠበው ልጅም በጓደኛው ጥፋት የረጠበ መሆኑ በክፍሉ ፊት ታውቆ፥ ፀሐይ ላይ ቆሞ እንዲደርቅ በክብር ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ስለ መስመሩ ክስ አልተሰማም፤ ምላጩ የቆረጠው ምልክት ግን እንደ ነበረ አለ፤ ክርናቸውን ሁለቱም ያሳልፉበታል።

ይህ ድርጊት በሰባቱ ዓይነት ውስጥ ቦታ የለውም። ልጁ እጁን አላወጣም፤ ያወጣው ሃይላንዱን ነው። ስምንተኛ ዓይነት ብንለው እርሱን የሚመስል ሁለተኛ ያስፈልጋል፤ የልውጣ እጅ ክፍል ነው ብንል የወጣው ሌላ ነው፤ የሐሰተኛ እጅ ወገን ነው እንዳንል ደግሞ፥ ሐሰት መሆኑ ባይካድም፥ ብዕራችን እሺ አይለንም። ስለዚህ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ዓይነት፥ እነርሱም አስታዋሽ እጅና የተሳሳተ እጅ ነበሩ፥ ለሌላ ተመራማሪ ትተናቸዋል፤ የቤት ሥራ እንዳልታረመ ለመምህሩ የሚያስታውሰው ልጅ እንኳንስ ምዕራፍ አንድ መስመርም አይገባውምና ብዙ አንጸጸትም።

የሚቀረው አንድ ማሳሰቢያ ነው። እጅ ማውጣት በልጅነት የሚቀር የሚመስላቸው ሰዎች፥ ትምህርት ተለቅቆ መምህራን ለስብሰባ ወደዚያው ክፍል ሲገቡ፥ ጉልበታቸውን በልጆቹ ዴስክ ውስጥ እንደ ምንም አጥፈው ሲቀመጡ ይመልከቱ። ርእሰ መምህሩ «ግልጽ ነው?» ሲሉ «ግልጽ ነው» ይባላል። «ቃለ ጉባኤ የሚይዝልን ማን ነው?» ሲሉ ያ ሁሉ ምሁር ራሱን ማከክ ይጀምራል። «ይህን ዕቅድ ማን ያብራራልን?» ሲሉ፥ ዕቅዱን ያላነበበው መምህር እጁን ከሁሉ በፊት ያወጣል፥ መቀመጫው ግን ከዴስኩ አልተነሣም። አጀንዳው ወደ በጀት መዝጊያ ሪፖርት ባለፈ ጊዜም አንዱ ስልኩን ከኪሱ ያወጣና ጆሮው ላይ ለጥፎ፥ «ይቅርታ፥ አስቸኳይ ነው» በሚል ምልክት ጎንበስ ብሎ ወደ በሩ ያመራል፤ ስልኩ ግን አልጠራም። እርሱ ሲቆይ ሌላው ይከተለዋል፥ ሁለቱ ሲቆዩ ሦስተኛው። ርእሳነ መምህራን «እሱ ሲመለስ» የምትለውን ሕግ ከአራተኛ ክፍል መምህራኖቻቸው ተውሰው ቢሠሩባት ኖሮ፥ የስብሰባው ውሳኔ ሁሉ በምልዓተ ጉባኤ ጉድለት ለሚመጣው ማክሰኞ ባልተላለፈ ነበር።